የአያት መቃብር ላይ የተጻፈው፦ ሰባት ቀን በቱርክ

ቀናቱን በእኛ አቆጣጠር፣ የታሪኩን ዓመታት ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

ቀን 1፦ ሐሙስ፣ ጥቅምት 27፣ ኢስታንቡል

አውሮፕላን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው የመርካቶ ነጋዴ ነበረች። ልብስ ልታመጣ ነው የምትሄደው። ብዙ ጊዜ ተመላልሳለች። እሷን ተከትዬ ላሌሊ አረፍኩ። ላሌሊ የጅምላ ሰፈር ነው። ጆንያና ካርቶን በጋሪ ሲገፋ ይውላል። ታፔላው ሩሲያኛ ነው፣ ዓረብኛ ነው፣ ፈረንሳይኛ ነው። አንድ የካርጎ ቤት መስታወት ላይ በእጅ የተጻፈ አማርኛ አየሁ፦ «ወደ አዲስ አበባ ዕቃ እንልካለን»። ፊደሌን እዚያ ሳገኛት ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

ማታ የአክስቴ ልጅ ከአንካራ በአውቶቡስ መጣ። የቱርክ መንግሥት የሚሰጠውን ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ እዚያ ይማራል። ቱርክኛውን እንደ አፍ መፍቻው ያወራዋል። ያለ እሱ ይህ ማስታወሻ አይጻፍም ነበር።

ራት ፍለጋ ወደ አክሳራይ ስንሄድ ብዙ የሶርያ ምግብ ቤቶች አየን። ስማቸው በላቲን ፊደል በትልቁ፣ በዓረብኛ ደግሞ ጥግ ላይ በትንሹ ተጽፏል። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለሥልጣናቱ የታፔላው አብዛኛው ክፍል ቱርክኛ መሆን አለበት ብለው አስወርደዋቸው ነው አለኝ። «እቴቴ፣ እዚህ አገር ፊደል ፖለቲካ ነው» አለ። ነገሩን ያን ጊዜ በቅጡ አልያዝኩትም።

ከዚያ ሳራቻኔ ደረስን። የከተማው ማዘጋጃ ቤት እዚያ ነው። ከንቲባው ኤክሬም ኢማሞሉ በማርች 2025 ሲታሰሩ አደባባዩ ለቀናት በሕዝብ ተጥለቅልቆ ነበር። እኔ ስደርስ እርግቦችና ፖሊሶች ብቻ ነበሩ። ከዓመታት በፊት ከዚሁ ሕንጻ የነበረ ሌላ ከንቲባም ታስሯል። ሬጄፕ ጣይብ ኤርዶዋን በ1994 የኢስታንቡል ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። ሰልፍ ላይ ግጥም በማንበባቸው ተፈርዶባቸው በ1999 ለአራት ወር ገቡ። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ አገሪቱን እየመሩ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው አደባባዩ ባዶ ነው ብሎ ነገሩ አለቀ አይልም።

ቀን 2፦ አርብ፣ ጥቅምት 28

አያሶፊያ በጠዋት። ለውጭ አገር ጎብኚ መግቢያው 25 ዩሮ ነው። የሚወሰደውም ወደ ላይኛው ሰገነት ብቻ ነው፤ ምድር ቤቱ ለሰጋጅ ነው። ነጠላዬን አናቴ ላይ ጣል አድርጌ ጠመዝማዛውን የድንጋይ መንገድ ወጣሁ።

ይህ ቤት በ537 ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ተመረቀ። በ1453 መስጊድ ሆነ። በ1934 የሪፐብሊኩ መሥራች የአታቱርክ መንግሥት ሙዚየም አደረገው። በ2020 ፍርድ ቤት ያን ውሳኔ ሻረና ጁላይ 24 ቀን የመጀመሪያው የጁምዓ ሶላት ተሰገደ። ይህን ሁሉ ሰው ያውቀዋል። እኔን የያዘኝ የተጻፈው ነገር ነው።

ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ሲያዩ ትልልቆቹ ክብ ሰሌዳዎች ፊት ለፊት ይመጣሉ። ስምንት ናቸው። የአንዱ ስፋት ሰባት ሜትር ተኩል ነው። አረንጓዴ መደብ ላይ የአላህ፣ የነቢዩ፣ የአራቱ ኸሊፋዎች፣ የሐሰንና የሑሴን ስም በወርቅ ተጽፏል። ጸሐፊው ሙስጠፋ ኢዜት ኤፌንዲ ይባላሉ፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ናቸው። ቤቱ ሙዚየም ሲሆን ሰሌዳዎቹ ወረዱ። ግን ከበሩ ስለሚሰፉ አልወጣ አሉ። ግድግዳ ተደግፈው ዓመታት ከቆዩ በኋላ ተመልሰው ተሰቀሉ።

ከእነሱ አለፍ ብሎ የክርስቶስ ሞዛይክ አለ። ከግራና ከቀኝ እመቤታችንና ዮሐንስ ይለምኑታል። የታችኛው ግማሽ ረግፏል። ፊቱ ግን አለ፤ የግሪክኛ ፊደሎቹም አሉ። የእብነ በረዱ መከለያ ላይ ደግሞ ከሰሜን አውሮፓ የመጣ ወታደር ከሺህ ዓመት በፊት በገዛ አገሩ ፊደል የጫረው ስም አለ፦ ሃልፍዳን። ጣቴን ላሳርፍበት ፈልጌ ነበር፤ መስታወት አለበት።

ቀትር ላይ ቱሪስት ሁሉ ወጣ። የጁምዓ ሰዓት ነው። ሰጋጁ ከቤቱ ተርፎ አደባባዩ ላይ ምንጣፍ ዘረጋ። ከአጥሩ ማዶ ቆሜ ኹጥባውን ሰማሁ። የአክስቴ ልጅ እያንሾካሾከ ይተረጉምልኛል። «ይኸው ስብከት አሁን ዲያርባኪርም፣ ትራብዞንም ይነበባል» አለኝ። ጽሑፉ የሚመጣው ዲያኔት ከሚባለው የመንግሥት የሃይማኖት ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ነው። ኢማሞቹ የመንግሥት ደመወዝተኞች ናቸው።

ቱርክን ሃይማኖትና መንግሥት የተለያዩባት አገር አድርጌ ነበር የማስባት። እንደዚያ አይደለም። የኸሊፋነት ሥልጣን የተሻረውና ዲያኔት የተቋቋመው በአንድ ቀን ነው፤ ማርች 3 ቀን 1924። መንግሥት ሃይማኖትን ከእጁ አላወጣውም። ከ1932 እስከ 1950 አዛን እንኳ በዓረብኛ ሳይሆን በቱርክኛ እንዲሆን አስገድዶ ነበር። በምርጫ አሸንፈው የመጡት ጠቅላይ ሚኒስትር አድናን መንደሬስ ዓረብኛውን ሲመልሱ መስጊድ በር ላይ ያለቀሰ ሰው ብዙ ነው ይባላል። በ1960 ወታደሩ መንደሬስን ገለበጣቸው። በቀጣዩ ዓመት ሰቀላቸው። ያቺ ገመድ እስከ ዛሬ በፖለቲካው ውስጥ አለች። የመንደሬስን ስም ሳይጠራ ድምፅ የሚለምን የሃይማኖተኞቹ ወገን ፖለቲከኛ ማግኘት ይከብዳል።

ቀን 3፦ ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ጠዋት ጉልሃኔ ፓርክ ወረድን። ድሮ የቤተ መንግሥቱ የአትክልት ቦታ ነበር። ጫፉ ባሕሩ ላይ ያርፋል፤ ሳራይቡርኑ ይሉታል። ሙስጠፋ ከማል አታቱርክ ኦገስት 9 ቀን 1928 ማታ እዚህ ሙዚቃ ሊሰማ በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት ቆመው፣ ቱርክኛ ከእንግዲህ በላቲን ፊደል እንደሚጻፍ ተናገሩ። ሕጉ ኖቬምበር 1 ወጣ። ጋዜጦች ከዲሴምበር 1 ጀምሮ፣ መጻሕፍት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1929 ጀምሮ በአሮጌው ፊደል እንዳይታተሙ ተከለከለ። ከማስታወቂያው እስከ ክልከላው አምስት ወር አልሞላም።

ምክንያታቸውን ማቃለል አልፈልግም። ያን ጊዜ ማንበብ የሚችለው ከአሥር ሰው አንድ ያህል ነበር። ቱርክኛ ስምንት አናባቢ ድምፅ አለው፤ የዓረብኛው ፊደል ይህን ሁሉ ለይቶ አያሳይም። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ ብለን ለቆጠርን ሰዎች ይህ ቶሎ ይገባናል። ብዙ ገበሬ፣ ብዙ እናት በአዲሱ ፊደል ማንበብ ችሏል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የተከፈለውም ትልቅ ነው። የከፈሉትን ሰዎች ያየሁት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው።

ከፓርኩ ወጥተን ባብዓሊ ወደሚባለው ሰፈር ስንወጣ አንድ ግቢ ውስጥ ገባን። መስጊድ፣ መድረሳና የውኃ ማደያ ነው። ያሠሩት ሐጂ በሺር አጋ ናቸው። በሺር ሐበሻ ነበሩ። ተሽጠው፣ ተሰልበው ወደ ቤተ መንግሥቱ ገቡ። ከ1717 እስከ 1746፣ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ፣ የሱልጣኑ የእልፍኝ ጃንደረቦች አለቃ ሆኑ። ለመካና ለመዲና የሚሄደው የወቅፍ፣ ማለትም ለሃይማኖት ተብሎ የተሰጠ፣ ሀብት በእጃቸው ነበር። ቪዚር የሚባለውን የሱልጣኑን ሚኒስትር አንስተው ሌላ ያስቀምጡ ነበር። ኦቶማኖች «ሐበሽ» የሚል ግዛት አቋቁመው በ1557 ምጽዋን መያዛቸውን፣ ዐፄ ሠርፀ ድንግል ከእነሱ ጋር መዋጋታቸውን ትምህርት ቤት ተምረናል። በዚያው መንገድ ስለተወሰዱት ልጆች ግን ማንም አልነገረኝም። ቀና ብዬ የማደያውን ጽሑፍ አየሁ። አልገባኝም። ሲሚት የሚሉትን የቀለበት ዳቦ የሚሸጠውን ሰውዬ ጠየቅነው። «ቁርኣን ነው መሰለኝ» አለ። የአክስቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ አነጻጸረ። ቱርክኛ ነው፤ የገዛ ቋንቋው።

ከሰዓት ኤዩፕ ሄድን። የነቢዩ ባልደረባ አቡ አዩብ አል አንሷሪ የተቀበሩበት ነው። በሺር አጋም እዚያው አጠገባቸው ዐርፈዋል። ከመስጊዱ ጀርባ መቃብሩ ሽቅብ ኮረብታውን ይወጣል። የወንዶቹ ድንጋይ ጥምጣም ወይም ፌዝ የሚሉትን ቆብ ያደርጋል፤ የሴቶቹ አበባ ተቀርጾበታል።

አንድ አባትና አሥር ዓመት የማትሞላ ልጁ አንድ ድንጋይ ፊት ቆመው ነበር። አባትየው የድንጋዩን ሽበት በጣቱ ይፍቃል። የተቀበሩት የአያቱ አባት ናቸው። እንዴት እንዳወቀ ጠየቅነው። አባቱ በሕይወት ሳሉ እጁን ይዘው አምጥተው «ከጥዱ ሦስተኛው ነው» ብለውት ነው። በልጅነቱ በበጋ ዕረፍት መስጊድ ቁርኣን ተምሯል፤ ስለዚህ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይለያል። «ሚም፣ ሐ…» ብሎ ጀመረ። ከዚያ ቆመ። ፊደሎቹ ቃል አልሆኑለትም። ልጅቷ «ምን ይላል አባ?» አለችው። «ስማቸውን» አላት። ፎቶ አነሣው፤ ለሚያነብ ሰው ሊልከው።

በ2014 ኤርዶዋን የድሮው ቱርክኛ በትምህርት ቤት ይሰጥ ሲሉ ትልቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር። የመቃብር ድንጋዩንም ጠቅሰው ተናግረዋል። ተቃዋሚዎቻቸው ሪፐብሊኩን ወደ ኋላ ሊመልሱ ነው ብለው ፈሩ። ሁለቱም ወገን ስለ ራሱ አገር ነው የሚጨነቀው። እኔ ግን የማስበው ያቺን ልጅ ነው። እናቴ ሳጥን ውስጥ የቅድመ አያቴ የርስት ወረቀት አለ። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ጠርዙ ተበልቷል። ሁለተኛ ክፍል እያለሁ አንብቤዋለሁ። ይህ ሀብት መሆኑን እስከዚያች ከሰዓት ድረስ አላውቅም ነበር።

ቀን 4፦ እሑድ፣ ጥቅምት 30፣ ወደ አንካራ

ፈጣኑ ባቡር አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ከአጠገቤ የተቀመጡት ሴት አስተማሪ ናቸው። ሒጃብ አድርገዋል። ከቴርሞስ ሻይ ቀዱልኝ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ ሒጃብ ተከልክሎ ነበር። ወታደሩ በ1997 መንግሥት ካስለቀቀ በኋላ ክልከላው ጠብቆ ነበር። ምን እንዳደረጉ ሲነግሩኝ እጃቸው ሳያውቁት ወደ ራሳቸው ሄደ። ሒጃቡ ላይ ዊግ አደረጉ። አራት ዓመት በሰው ሠራሽ ፀጉር ተማሩ። «በሰኔ ሙቀት አስቢው» አሉኝ። በ1999 መርቬ ካቫክቺ የተባለች የምክር ቤት ተመራጭ በሒጃብ ለቃለ መሐላ ስትገባ አዳራሹ ጠረጴዛ እየደበደበ «ውጪ!» ሲላት በቴሌቪዥን አይተዋል። ዩኒቨርሲቲው በ2010 ገደማ፣ የመንግሥት ሥራው በ2013 ተፈቀደ። ሰልፍ ወጥተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ግን ለማን ድምፅ እንደሚሰጡ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ከሰዓት ኡሉስ ያለውን የመጀመሪያውን ምክር ቤት አየን። ትንሽ የድንጋይ ሕንጻ ነው። ተመራጮቹ የተቀመጡት ከትምህርት ቤት በተለቀሙ የተማሪ ዴስኮች ላይ ነው። ኤፕሪል 23 ቀን 1920 ሲከፈት መጀመሪያ ሐጂ ባይራም መስጊድ ጁምዓ ሰግደው ነው የመጡት። ይህችን ነገር ሁለቱም ወገን ቢያስታውሳት ደስ ይለኛል።

ቀን 5፦ ሰኞ፣ ኅዳር 1

ዛሬ ኖቬምበር 10 ነው። አታቱርክ በ1938 ያረፉበት ቀን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ኪዚላይ አደባባይ ቆመናል። ሲረን ጮኸ። መኪናው ሁሉ ባለበት ቀጥ አለ። ሾፌሮች በር ከፍተው ወረዱ። አንድ የመልእክት ሞተረኛ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ጎኑ ያለች ሴት ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። ሲረኑ ሲያበቃ ሁሉም ተመልሶ ገባ፤ ክላክሱም ቀጠለ። የቤተሰብ ሐዘን ነው የመሰለኝ።

ከዚያ አኒትካቢር። መቃብራቸው ያለበት ኮረብታ ነው፤ አስከሬናቸው በ1953 ወደዚህ መጣ። ሰልፉ ማለቂያ የለውም። ሕጻን ያዘለ፣ ባንዲራ የያዘ፣ በከዘራ የሚሄድ። ሒጃብ ያደረጉም ብዙ ናቸው። ከፊታችን የነበሩት ጡረተኛ ሴት እናታቸው በ1930ዎቹ አዲሱን ፊደል ተምረው ነርስ መሆናቸውን ነገሩን። «እሱ ባይኖር እኔ ማን እሆን ነበር?» አሉ። ቱርክ ሴቶችን ከጥቃት የሚጠብቀውን፣ የራሷን ከተማ ስም የያዘውን የኢስታንቡል ስምምነት በ2021 ትታ መውጣቷ እንቅልፍ ይነሳቸዋል። ትናንት በባቡር ካገኘኋቸው ሴት ጋር ዕድሜያቸው ቢራራቅም ፍርሃታቸው አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም አንድ ቀን አንድ ባለሥልጣን ተነሥቶ እንዴት እንደሚኖሩ ያዘናል ብለው ይሰጋሉ። አንድ ባቡር ላይ ጎን ለጎን ባስቀምጣቸው ብዬ ተመኘሁ።

ሙዚየሙ ውስጥ የአታቱርክ ንግግር በመስታወት ተሸፍኗል። በኦክቶበር 1927 ስድስት ቀን ሙሉ ያደረጉት ንግግር ነው፤ «ኑቱክ» ይባላል። በአሮጌው ፊደል ታተመ። በዓመቱ ፊደሉ ተለወጠ። ከ1932 ወዲህ ደግሞ የዓረብኛና የፋርስ ቃላት ከቋንቋው እየተለቀሙ ወጡ። አሁን አንድ የቱርክ ተማሪ የአባት አገሩን መሥራች ንግግር የሚያነበው ከቱርክኛ ወደ ቱርክኛ ተተርጉሞ ነው።

ራት ከአክስቴ ልጅ የዶርም ጓደኛ ጋር በላን። ከዲያርባኪር የመጣ ኩርድ ነው። ስሙ ውስጥ ያለችው «ደብሊው» በ1928ቱ ፊደል ውስጥ የለችም። ስለዚህ መታወቂያው ላይ ስሙ በ«ቪ» ነው የተጻፈው። እንደ ደብሊው ያሉትን የኩርድኛ ፊደላት መጠቀም እንደሚፈቀድ የተነገረው በ2013 ነው። ከዚያ በፊት ደብሊው ያለበት የበዓል መጥሪያ ካርድ የላኩ ሰዎች ፍርድ ቤት ቀርበዋል። በመንግሥትና በኩርድ ታጣቂዎች መካከል በ1984 በተጀመረው ጦርነት ከ40 ሺህ በላይ ሰው አልቋል። ታጣቂው ድርጅት፣ ፒኬኬ፣ በሜይ 2025 ራሱን አፍርሻለሁ ብሏል። «ታምናለህ?» አልኩት። ዳቦውን ቆርሶ ለእኔ ሰጠኝ። «እናቴ አምናለች» አለ።

ቀን 6፦ ማክሰኞ፣ ኅዳር 2፣ ኮንያ

ከአንካራ በባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም። የሱፊው ባለቅኔ የመውላና ጀላሉዲን ሩሚ መቃብር አረንጓዴ ጉልላት ከሩቅ ይታያል። በ1273 ነው ያረፉት። የሱፊዎቹ ቤቶች ሁሉ በ1925 በሕግ ተዘጉ። ይህም በ1927 ሙዚየም ሆነ። ሕጉ ዛሬም አለ። ስለዚህ በወረቀት ሙዚየም ነው። ውስጥ ግን ሰው መዳፉን ዘርግቶ ይጸልያል፤ ጥበቃው አይቶ ዞር ይላል። ይህ ዞር ማለት ደስ አሰኘኝ።

ቀን 7፦ ረቡዕ፣ ኅዳር 3

የአክስቴ ልጅ የክፍል ጓደኛ ቁርስ ቤታቸው ጋበዘን። አያቱ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። የልጅ ልጃቸው እጃቸውን ስሞ ግንባሩ ላይ አስነካው። እኔ ጉልበታቸውን ልስም ስል ሳቁና አቀፉኝ። «ኔኔ በይኝ» አሉኝ፤ ሴት አያት ማለት ነው። ወይራ፣ አይብ፣ ማር ቀረበ። ሻዩ ወገቧ ቀጠን ባለች ብርጭቆ እየተቀዳ አያልቅም።

ስለ መቃብር ድንጋዩ ሳነሣባቸው ተነሥተው የብስኩት ቆርቆሮ አመጡ። ውስጡ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቱርክ ባትዋጋም ወንዶቿን ድንበር ላይ አሰልፋ ነበር። አባታቸው ከዚያ የጻፉት ደብዳቤ ነው። አዲሱ ፊደል ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል፤ እሳቸው ግን እጃቸው የለመደው አሮጌው ነው። እናታቸው ማንበብ አይችሉም። የመንደሩ ኢማም አንድ ጊዜ አነበበላቸው። አባታቸው ከዚያ ሰፈር አልተመለሱም፤ ታመው ሞቱ።

ኔኔ ትምህርት ቤት ገብተው ጥሩ ተማሪ ሆኑ። ጋዜጣ ያነባሉ። ይቺን ወረቀት ግን ሰባ ዓመት ይዘዋት ኖሩ እንጂ አላነበቧትም። የልጅ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የታሪክ ክፍል ተማሪ ፈልጎ አስነበበላቸው። አጭር ናት። ላሟ ወለደች ወይ ይላል። ሹራቡ ደርሶኛል ይላል። መጨረሻው ላይ «የልጄን ዓይኖች ሳሚልኝ» ይላል።

«ልጄ ያለው እኔን ነው» አሉ ኔኔ። ጣታቸውን የመጨረሻው መስመር ላይ አደረጉ። ቦታውን ያውቁታል። እዚያ ቤት ውስጥ ማናችንም አልተናገርንም።

ቆይተው የአንቺ አገር ፊደል ምን ይመስላል አሉኝ። እስክሪብቶ ተሰጠኝ። ስማቸውን በትልቁ ጻፍኩ። አዩት። አገላብጠው አዩት። «የትኛዋ ናት የመጀመሪያዋ?» አሉ። አሳየኋቸው፤ ከግራ ጀምሮ እስከ ቀኝ፣ አንድ በአንድ። ከኋላዬ እየተከተሉ ድምፁን አሉት። ከዚያ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ቆርቆሮው ውስጥ፣ ከደብዳቤው ጎን አስቀመጡት።